የዱባውን ሐረግ ሰንጥቃችሁ ሳታዩ መድኃኒት አትግዙ

ዱባ ሲጠወልግ እንደ ሌላው አትክልት አይደለም። ጎመን ቢበላ ሌላ ችግኝ ይተካል። ዱባ ግን ወራት የተደከመበት ነው። ግንቦት ላይ የተዘራው ዘር ክረምቱን ሙሉ አጥሩን ይዞ፣ የማድ ቤቱን ጣሪያ አልብሶ፣ አበባውን አውጥቶ፣ ፍሬው ቡጢ ሲያክል አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ድንገት ጥውልግ ይላል። ውሃ ይሰጡታል። በማግስቱ ይብስበታል። ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ሐረግ ቆርቆሮው ላይ ደርቆ ይቀራል።

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና ፒያሳ ዙሪያ በቀሩት የድሮ ግቢዎች ይህን ያየ ሰው ብዙ ነው። ትልልቆቹ “ዓይን በላው” ይላሉ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ይፈልጋሉ። ስልኩም ደጋግሞ አንድ ታሪክ ይነግራቸዋል፦ ሐረግ ውስጥ የሚኖር ትል፣ ተርብ የሚመስል የእሳት እራት፣ ግንዱ ላይ በመርፌ የሚወጋ መድኃኒት። ፎቶው ግልጽ ነው፤ ምክሩም ዝርዝር ነው። ነገር ግን ያ የእሳት እራት የአሜሪካ አህጉር ነፍሳት ነው። ምክሩ የተጻፈው እዚያ ላለ ጓሮ ነው።

እኛ ጓሮ የሚገቡት ሌሎች ናቸው። የሚበሉት ቦታ ይለያል፣ የሚደበቁበትም ይለያል፣ የሚገድላቸውም ይለያል። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሐረጉን ሰንጥቁና ውስጡ ያለውን በዓይናችሁ እዩ።

ሐረጉ በአንድ ትል ለምን ይሞታል?

የዱባ ሐረግ በአንጓና በአንጓ መካከል ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ግድግዳው ውስጥ ነው። ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል ይወጣል፣ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ፍሬውና ወደ ሥሩ ይወርዳል። ትሉ ከውስጥ ሆኖ ይህን ግድግዳ ሲፍቅ መስመሮቹ ይበጠሳሉ። የዱባ ቅጠል ሰፊ ስለሆነ ቀን ላይ ብዙ ውሃ ይተንናል። የሚወጣው ውሃ ከሚተነው ሲያንስ ቅጠሉ ይወድቃል። ውሃ ብትጨምሩ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። ውሃው አፈሩ ውስጥ አለ፤ የተበላሸው መንገዱ ነው።

መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያብስ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዱባ ሜዳ ላይ ሲሳብ አንጓው አፈር በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። አንድ ሐረግ አምስት ስድስት ቦታ ላይ ውሃ የሚጠጣ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቦታ ቢቦረቦር ሌላው ያኖረዋል። እኛ ግን ቦታ የለንም። ዘሩን አጥር ሥር ወይም አፈር በሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እንቀብራለን፣ በቅሎ ሳይጨርስ ሽቦና ቆርቆሮ ላይ እንሰቅለዋለን። አንጓዎቹ በሙሉ አየር ላይ ናቸው። ያ ሁሉ ቅጠልና ፍሬ የሚኖረው መሬት አጠገብ ባለች አንድ አንገት ነው። አንድ ትል እዚያች አንገት ውስጥ ከገባ ሁሉም ያበቃል።

መፍትሔው ነፃ ነው። ዱባውን ወዲያው ወደ ላይ አታውጡት። የመጀመሪያውን አንድ ሜትር ያህል መሬት ላይ አስሩጡት፣ ሁለት ሦስት አንጓ ላይ እርጥብ አፈር አልብሱት፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ይውጣ። ከረጢት ላይ የምትተክሉ ከሆነ ሌላ አፈር የሞላ ጣሳ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን አጠገቡ አስቀምጡና ሐረጉን በላዩ አሳልፉ። አንጓው አፈሩ ላይ ተጭኖ እርጥበት ካገኘ ሥር ያወጣል። ከማውቀው ምክር ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። ትሉ ማንም ይሁን ማን ይሠራል።

መጠውለግ ሁሉ ትል አይደለም

ቀን 7 ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ቅጠል አይታችሁ አትፍረዱ። በጠራራ ፀሐይ ጤነኛ ዱባም ቅጠሉን ይጥላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዳችሁ እዩት። ቅጠሉ ቀና ብሎ ካደረ ሙቀት ነው። ጠዋትም እንደተኛ ከሆነ ችግር አለ።

ችግሩ ግን አሁንም ትል ላይሆን ይችላል። በክረምት ዋልካ አፈር ውሃ ይይዛል። ሥር በውሃ ታፍኖ ሲበሰብስ ቅጠሉ ላይ የሚታየው ምልክት ከጥማት ጋር አንድ ነው። አፈሩን በጣት ቆፍራችሁ እዩት። ከጨቀየና ከሸተተ፣ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ከላላ፣ ችግሩ ውሃ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ትዘራላችሁ። ሐረጉን ስትሳቡት ያለ ሥር እጃችሁ ላይ ከመጣ ፍልፈልን ጠርጥሩ። ሐረጉ ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ መስመር ካለውና ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ የአፈር ወለድ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚያ የሚረጭ መድኃኒት አትፈልጉለት፣ ነቅላችሁ አስወግዱት፣ ቦታውን ለጎመን ስጡት።

ትል ከሆነ ምልክት ይተዋል። ከመሬት እስከ ሁለት ክንድ ያለውን ሐረግ ዙሪያውን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ። ትንሽ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው የሚወጣ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ድቃቂ፣ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ፣ ወይም ያበጠና ሲጫኑት የሚላላ ቦታ ፈልጉ። ያ ሰጋቱራ የትሉ ኩስ ነው።

ስልኩ የሚነግራችሁ የእሳት እራት

ከአሜሪካው ልጀምር፤ ምክሩ የመጣው ከእሱ ነውና። ስሙ ሜሊቲያ ኩከርቢቴ ይባላል። የእሳት እራት ቢሆንም የሚበረው በቀን ነው። ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ነጥቦች አሉት፣ የኋላ ክንፉ እንደ መስታወት ያሳያል። ሴቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ ግንዱ ግርጌ ላይ ትጥላለች። በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይፈለፈልና ትሉ ወዲያው ሐረጉን በስቶ ይገባል። ውስጥ ሆኖ ለሳምንታት ይበላል፣ እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሲጠግብ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ እዚያ ራሱን በድር ጠቅልሎ ይከርማል።

እዚያ የሚሰጠው ምክር በዚህ የሕይወት ዑደት ላይ የተቆረጠ ነው። በበጋቸው መጀመሪያ ግንዱን ሸፍኑ ይላሉ፣ እራቷ የምትበርበት ወቅት ስለሆነ። አፈሩን ገልብጡ ይላሉ፣ ትሉ እዚያ ስለሚከርም። ቢቲ የሚባለውን የባክቴሪያ ዝግጅት በመርፌ ሐረጉ ውስጥ ውጉ ይላሉ። ሁሉም ለእሱ ልክ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ዱባ ራሱ የአሜሪካ ተክል መሆኑ ነው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላው ዓለም የመጣው። ያ የእሳት እራት እዚያው ቀረ። ዱባው ግን እዚህ ሲደርስ ጠላት አላጣም። እኛ ዘንድ ቅል ነበር፣ የምድር እምቧይ ነበር፣ ሌሎችም የዱር ዘመዶቹ ነበሩ። እነሱን ሲበሉ የኖሩ ዝንቦችና ጥንዚዛዎች አዲሱን እንግዳም ቀመሱት፤ ወደዱትም። የዛሬው የዱባችን ችግር አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

የእኛዎቹ

ጠዋት፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ አዲስ ምላጭ ያዙ። በአልኮል ጥረጉት። ቀዳዳ ካያችሁበት ቦታ ጀምራችሁ ሐረጉን በቁመቱ ሰንጥቁ። አግድም አትቁረጡ፤ አግድም ከቆረጣችሁ የተረፉትንም መስመሮች ትበጥሳላችሁ። ቀስ ብላችሁ ከፈት አድርጉና እዩ።

ራሱ ቡናማና ጠንካራ፣ አካሉ ክሬም ቀለም ያለው፣ ቀለበት ቀለበት የሚል፣ ከራሱ በኩል ወፈር ያለ፣ እግር የሌለው ትል ካገኛችሁ የጥንዚዛ እጭ ነው። በአፍሪካ የዱባና የቅል ዘመዶችን ሐረግ የሚቦረቡሩ ረጅም ቀንድ ያላቸው ጥንዚዛዎች አሉ። ትልልቁ ጥንዚዛ ራሱ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቡናማ ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው፣ ሐረጉ ላይ ሲቀመጥ በቀላሉ አይታይም። የዚህ እጭ ዋናው ነገር አፈር ውስጥ አለመግባቱ ነው። ሐረጉ ውስጥ አድጎ፣ እዚያው ተለውጦ፣ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አፈር መገልበጥ ለእሱ ምንም አይደለም። የደረቀውን ሐረግ አጥሩ ላይ መተው ግን የሚቀጥለውን ትውልድ ማሳደግ ነው። ዱባው ከተለቀመ በኋላ ሐረጉን እስከ ጥቅምት ኅዳር ተንጠልጥሎ የምንተው ብዙዎች ነን። ያንን አውርዱ። ሰብስባችሁ አቃጥሉት፤ ግቢው ካልፈቀደ በጥቁር ፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አሰንብቱትና ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ።

ራስ የሌለው የሚመስል፣ አንዱ ጫፉ የሾለ፣ ነጭ፣ እግር አልባ ትል ከሆነ የዝንብ እጭ ነው። መዳፋችሁ ላይ ስታደርጉት ተጠቅልሎ ፈንጠር ሊል ይችላል። ከእስያ የመጣውና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው የሐብሐብ ዝንብ ፍሬ ብቻ ሳይሆን አበባና ለስላሳ የሐረግ ጫፍ ውስጥም እንቁላል ይጥላል። የተበላው ጫፍ ያብጣል ወይም ይበሰብሳል። ይህ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ተክል አይገድልም። ያበጠውን ጫፍ ከጤነኛው አንጓ ላይ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ዱባው ከጎን ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ሦስተኛው ሐረግ ውስጥ ሳይሆን ከሐረጉ በታች ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ ቅጠልና አበባ የሚበላ የዱባ ጥንዚዛ አለ። ትልቁን ሁሉም ያየዋል። እጩ ግን አፈር ውስጥ ሆኖ ሥሩንና የግንዱን ግርጌ ይበላል። ቅጠል ላይ ክብ ክብ ቀዳዳ ካያችሁና ተክሉ ያለ ግልጽ ምክንያት ከጠወለገ ግርጌውን በጥንቃቄ ግለጡት። ትልልቆቹን ማለዳ በብርድ ሲደነዝዙ እየለቀማችሁ የሳሙና ውሃ ውስጥ መጣል ይቻላል። የአዲስ አበባ ማለዳ ለዚህ የተመቸ ነው።

የቢራቢሮና የእሳት እራት ዘመድ የሆነ ትል ደግሞ ከራሱ ቀጥሎ ሦስት ጥንድ ትንንሽ እግሮች አሉት። ካገኛችሁት የስልኩ ምክር የሚሠራው ያኔ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ቢቲ የሚገድለው እንዲህ ያለውን ነው። የጥንዚዛና የዝንብ እጭ ላይ አይሠራም። እግሩን ሳይቆጥሩ ቢቲ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ካወጣችሁት በኋላ

አንድ ትል ስታገኙ አትቁሙ። ሰጋቱራው እስካለ ድረስ ተከተሉት፤ ሁለተኛ ሊኖር ይችላል። መሰንጠቅ የማትችሉበት ጠባብ ቦታ ከሆነ ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው አስገብታችሁ ውጉት። ሲጨረስ የተሰነጠቀውን ግጠሙት፣ እርጥብ አፈር አልብሱት፣ ከሱ በላይ ያለውን አንጓም አብራችሁ ቅበሩ። ከዚያ አንጓ አዲስ ሥር ከመጣ ዱባው ይድናል። ጥቂት ቀን በጆንያ ጥላ አድርጉለት። ግማሽ የሚሆነውን ቅጠልና ገና ያልያዙትን ፍሬዎች ቀንሱ፣ ሸክሙ ይቅለል። አንገቱ ዙሪያውን ተበልቶ ካለቀ ግን አትድከሙ። ንቀሉት።

ነጭ ጋዝ በመርፌ የሚወጉ ሰዎች አሉ። ትሉን ቢገድልም ሐረጉን ያቃጥላል። አመድም ውጭ ለሚሄድ ለስላሳ ነፍሳት ጥቂት ይረዳ እንደሆነ እንጂ ውስጥ ለገባ ትል አይደርስም። ፀረ ተባይ መርጨትም እንዲሁ ነው። የሚረጨው ቅጠሉ ላይ ይቀራል፣ ትሉ ግድግዳው ውስጥ ተኝቷል። በተክሉ አካል ውስጥ የሚሰራጩ መርዞች ይደርሱበታል፤ ግን ወደ ፍሬውና ወደ አበባውም ይሄዳሉ። ይህንን ለልጆቻችሁ ዱባ ወጥ ለምትሠሩበት ተክል አልመክርም። በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ቤቶች፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ፣ ከሥር የሚጫወት ሕፃን ባለበት ግቢ መርጨት የራስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ንቦቹም አሉ። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት አለቻት። አበባው ማለዳ ይከፈታል፣ ቀትር ሳይሞላ ይዘጋል። በዚያች አጭር ጊዜ ንብ ካልመጣ ፍሬ የለም። ጠዋት የሚረጭ ሰው ትሉን ሳይገድል ንቡን ይገድላል።

ይህ ወደ ሌላ የተለመደ ስህተት ይወስደናል። ትንሿ ዱባ ቢጫ ሆና ስትወድቅ ሁሉም “ትል በላት” ይላል። ግማሹን ጊዜ እንኳ ትል ላይሆን ይችላል። ክረምት ላይ ጠዋት ሲዘንብ ንብ አትወጣም፣ ሴቴ አበባዋ ሳትዳቀል ትቀራለች፣ ፍሬዋ ጥቂት ቀን ቆይታ ትወድቃለች። የወደቀችውን ቁረጧት። ውስጧ ንጹሕ ከሆነ የጎደለው ንብ ነው። ወንዴ አበባ ቀጥፋችሁ፣ ቅጠሎቹን አንስታችሁ፣ ዱቄቱን ሴቴዋ መሀል ላይ ቀስ ብላችሁ እሹት። በማለዳ ይሁን።

ውስጧ ነጫጭ ትል ካለ ግን የፍሬ ዝንብ ነው። ከእነዚህ አንዱ በእኛው ስም ይጠራል፦ በዓለም ላይ የኢትዮጵያ ፍሬ ዝንብ የሚሉት፣ በ1862 እ.ኤ.አ. ዳከስ ሲሊያተስ ተብሎ የተመዘገበው። ሴቷ ገና ለስላሳ የሆነውን ፍሬ ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ትከታለች። ትሎቹ ውስጡን በልተው ሲጠግቡ ወደ አፈር ወርደው ይለወጣሉ። ለማንጎ ዝንብ የሚሰቀለው ማጥመጃ እሷን አይስባትም፤ ለሌላ ዝርያ የተሠራ ሽታ ነው። የሚያዋጣው ፍሬው እንደያዘ በወረቀት ወይም በአሮጌ አጎበር ቁራጭ መጠቅለል ነው፤ ሲያድግ እንዳይጠበው ሰፋ አድርጉት። ሙሉውን ተክል በአጎበር የሸፈነ ሰው ግን ሴቴ አበባ ስትከፈት ይግለጠው፣ አለዚያም በእጁ ያዳቅል።

የተበላ ፍሬ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ አይጣል። እዚያ ትሉ ተመችቶት ያድጋል። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት፣ ካልሆነም እንደ ሐረጉ በጥቁር ፌስታል አስራችሁ ፀሐይ ላይ አሰንብቱት። ከገበያ ገዝታችሁ ስትቆርጡት ትል ያገኛችሁበትም ዱባ እንደዚያው ነው፤ ጓሮ አትጣሉት። ዶሮ ያለው ሰው ዱባው ከተነሣ በኋላ አፈሩን ገለበጥ አድርጎ ዶሮዎቹን ይልቀቅባቸው፣ አፈር ውስጥ የተደበቀውን ጫጭረው ይለቅሙታል።

ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ስትመርጡም አንድ ነገር ልብ በሉ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ዱባ የምንለውም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍሬው የተንጠለጠለበትን እጀታ እዩ። ክብ፣ ወፍራምና እንደ ቡሽ ለስላሳ ከሆነ አንድ ዝርያ ነው። ጠንካራና ባለ አምስት ጠርዝ ከሆነ ሌላ ነው፤ ዝኩኒ የዚህኛው ወገን ነው። ጠንካራ ሆኖ ፍሬው ላይ ሲደርስ እንደ ኮከብ ከተዘረጋ ሦስተኛው ነው። የሦስተኛው ሐረግ ጠጠር ያለና ብዙም ባዶ ያልሆነ ነው፤ የአሜሪካው ትል እንኳ ውስጡ መኖር ይከብደዋል። ሐረግ የሚበሳ ትል ያስቸገረው ግቢ ዘሩን ከዚህ ይውሰድ። ዘር የምታስቀሩት ደግሞ በሽታ ካልነካው፣ አንገቱ ሳይበላ ክረምቱን ከጨረሰው ተክል ይሁን፤ ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ከነበረም ንቦቹ ስለሚያዳቅሉት፣ ለዘር የምትፈልጉትን ሴቴ አበባ ከመከፈቷ በፊት በነበረው ምሽት በክር እሰሯትና ጠዋት በእጃችሁ አዳቅላችሁ መልሳችሁ ዝጓት።